የማዶው እንክብል

አንድ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል አጎቴን የላቦራቶሪያችን ኮሪደር ውስጥ፣ ውጤት ከሚጠብቁት ሰዎች ራቅ ብለው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። ደነገጥኩ። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አንዴ ከስፌት መኪናቸው ፊት ከተቀመጡ ሱቁ እስኪዘጋ የሚያስነሳቸው ነገር የለም። በሥራ ቀን ወንበራቸውን ትተው የመጡት ክፉ ነገር ቢደርስ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቤተሰቡን በየተራ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የመጡበትን ነገሩኝ። የማዶው ሰፊ ሰሞኑን እዚህ ተመርምሯል አሉ። የኩላሊቱ ቁጥር ስንት እንደወጣ እንድነግራቸው ነው የፈለጉት።

የማዶው ሰፊ የሚሏቸው ከአጎቴ ሱቅ ትይዩ፣ መንገዱን ተሻግሮ የሚሠሩ ሌላ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰፋሉ። አጎቴ ስማቸውን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። የማዶው ትልቅ መስታወት ካቆሙ አጎቴ የባሰ ትልቅ ያቆማሉ፤ የማዶው ሱቃቸውን ቀለም ካስቀቡ አጎቴም ሳይውሉ ሳያድሩ ያስቀባሉ። ቤተሰቡ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የሚያየው። ጨዋታነቱ የቀረው ሁለቱንም ሰዎች ጎናቸውን ማመም ሲጀምራቸው ነው።

"ጋሼ፣ የሰው ውጤት አይነገርም" አልኳቸው።

"እኔ ሰው ነኝ እንዴ? አጎትሽ ነኝ።"

"የእርስዎንም ቢሆን ለማንም አልናገርም።"

"የኔን ንገሪው። ግድ የለኝም፤ ይወቀው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የማዶው ሰፊ በኩላሊት ጠጠር ታመው ሱቃቸውን ዘግተው ከረሙ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠርቶ፣ ወገባቸው ቀንቶ ነበር። መኪናቸው አጠገብም ከዚያ በፊት ያልነበረች የመድኃኒት ጠርሙስ ተቀምጣ ታየች። አጎቴ አንዲት ደንበኛቸውን ክር ገዢ አስመስለው ልከው በጠርሙሷ ላይ የተጻፈውን አስነበቡ። ቫይታሚን ሲ ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ሰውነትን ያጠራል ይላል። በማግስቱ እሳቸውም ገዙ፤ ያውም ጠንከር ያለውን። የማዶው አንድ እንክብል ከዋጡ እሳቸው ሁለት ይውጣሉ።

እኔ ጎናቸውን እንደሚያማቸው ገና ሲናገሩ ውሃ ይጠጡ፣ ይመርመሩ ብዬ ነበር። በደግነት ፈገግ ብለው፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ትምህርትሽን ተማሪ አሉኝ። ትምህርቴን ግን ጨርሼ ነበር። አንዲት ጠርሙስ መንገድ ማዶ ቁጭ ብላ እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት ያላገኘሁትን ጆሮ አገኘች። በጠርሙስ መቅናት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ።

"የማዶውን ልነግርዎት አልችልም" አልኩ፤ "የእርስዎን ግን ዛሬውኑ ማወቅ እንችላለን።"

በሽታን ለማወቅ ብዬ ብለምናቸው አይቀበሉም ነበር። ውድድሩን ግን እምቢ ማለት አልቻሉም። ደምም ሽንትም ሰጡ፤ ውጤቱንም እንደ ፈተና ተማሪ ቆመው ጠበቁ።

ውጤቱ ደግ አልነበረም። በደማቸው ውስጥ ያለው ክሪያቲኒን መሆን ከሚገባው በላይ ነበር። ሽንታቸው ውስጥም መታየት የማይገባው ፕሮቲንና ጥቂት ደም ነበረ። ቁጥሩ ከፍ ብሏል ብዬ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"አላልኩሽም? የሱ ከዚህ አይበልጥም።"

በኩራት የተነፋውን ደረት ማስተንፈስ እንዲህ ከባድ መሆኑን ማንም አላስተማረኝም። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አብረን ተቀመጥንና ጀመርኩ።

"ጋሼ፣ ሱቅ ሲዘጉ ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ ምን ያደርጉታል?"

"ጠርጌ እጥለዋለሁ እንጂ ምን አደርገዋለሁ?"

"ባይጠርጉትስ?"

"ጥቂት ቀን ቢያድር መርገጫ አይገኝም።"

"ክሪያቲኒን የሰውነት ቁርጥራጭ ነው። ከጡንቻችን ይወጣል፤ ጠርጎ በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ደም ውስጥ ሲከማች ጠራጊው ደክሟል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ሲበዛ የሚያሸንፉበት አይደለም።"

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ቀጥለው ያነሱት ስለ ኩላሊታቸው አልነበረም።

"የማዶውስ ጠራጊ አልደከመም?"

"ስለ እርስዎ ነው የምናወራው።"

"እሺ፤ እንክብሉስ? ሰውነት ያጠራል ተብሎ ተጽፏል እኮ። ውሸታቸውን ነው?"

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው ይጠይቀዋል። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም አልኳቸው። መርፌን የሚበላ ዝገት እንዳለ ሁሉ ሰውነታችን ውስጥም ሴሎችን የሚጎዳ፣ ዝገትን የሚመስል ነገር አለ። የታመመ ኩላሊትና የቆሰለ የሽንት ፊኛ ውስጥ ደግሞ ይበረታል። አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት ይህንን ዝገት የሚያበርዱ ናቸው። ከዋናው ሕክምና ጋር ቢሰጡ ማንን ይጠቅማሉ፣ በምን መጠን ይጠቅማሉ የሚለውን ተመራማሪዎች እየፈተኑት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በብዛት መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

"መኪናዎን ዘይት ያጠጡት የለም?"

"እንዴታ።"

"ሲበዛስ?"

"ጨርቁን ያበላሻል።"

"ይኼም እንደዚያው ነው። ይህ ቫይታሚን ሲበዛ ሰውነት ከፊሉን ኦክሳሌት ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ሽንት በወፈረ ጊዜ ኦክሳሌቱ ከካልሲየም ጋር ይጣበቅና ጠጠር ይሆናል። እርስዎ ለጠጠር መድኃኒት ብለው የሚውጡት ጠጠሩን ሊያበዛው ይችላል።"

አላመኑኝም። የማዶው ድኖ የለም ወይ ብለው ተከራከሩኝ። እንዴት እንደዳኑ ለምን እራሳቸውን አይጠይቋቸውም ብላቸው፣ ሳልሞት አልጠይቀውም አሉ።

አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። የሽንታቸውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አስተካክዬ እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

"ምን ይታይዎታል?"

"የቦርሳ ማንጠልጠያ ስፌት።"

አባባላቸው ልክ ነበር። የቦርሳ ማንጠልጠያ እንዳይበጠስ በአራት ማዕዘን ይሰፋና መሀሉ ላይ በመስቀለኛ ይደገማል። የኦክሳሌት ክሪስታልም በማይክሮስኮፕ ሲታይ መልኩ ያው ነው፤ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ መሀሉ የተመሳቀለ። እንደ መስተዋት ያበራል፤ ያምራልም።

"አሰፋፉስ ጥሩ ነው" አሉ ዓይናቸውን ሳያነሱ። "የማን እጅ ነው?"

"የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።"

ቀና አሉ።

ከዚያ በኋላ የጠየቅኋቸውን ሁሉ ሳይደብቁ መለሱልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጡም፤ ከጠጡ ይሸናሉ፤ ለመሽናት ደግሞ ከሕንጻው ጀርባ ወዳለው የጋራ መጸዳጃ ቤት መሄድ አለባቸው። ሄዱ ማለት ወንበሩ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ባዶውን ወንበር ያየ ደንበኛ መንገዱን ይሻገራል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሽንታቸውን ይዘው ይውላሉ፤ ይህንንም ለዓመታት እንደ ሙያ ቆጥረውታል። የሽንት ፊኛ ላስቲክ ነው፣ ሁልጊዜ ተወጥሮ ከዋለ መሰብሰብ ያቅተዋል፤ የቆመ ሽንትም ጀርም ያራባል አልኳቸው። ላስቲክ ሲላላም ብዙ አይተዋልና በዚህ አልተከራከሩኝም።

የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም ወሰድኳቸው። ሐኪሟ የእኔን ቃል አንድ በአንድ ደገመችላቸው ማለት ይቻላል። እሷን ግን ወዲያው አመኗት፤ መኪና ውስጥ ገብተን እስክንሄድ ድረስ ስለ ብልህነቷ ሲነግሩኝ ነበር። አዎ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እንክብሉን አቆሙ። ጨው ቀነሱ። ሐኪሟ ያገኘችባቸውን የሽንት ኢንፌክሽን የሚያጠፋውን መድኃኒት በሰዓቱ ዋጡ። ወንበሩን ግን አልተዉም። ሚስታቸው በማንቆርቆሪያ ያኖሩላቸው ውሃ ሳይጎድል ወደ ቤት ይመለሳል። ሐኪሟ ደግሞ እንዲህ ከቀጠለ ኩላሊታቸው ተመልሶ ላይጠገን ይችላል ብላ ነበርና ጭንቀታችን አልቀለለም። በእረፍት ቀኔ ልለምናቸው ሱቃቸው ሄድኩ።

ልመናዬን ሳልጀምር የማዶው ሰፊ መንገዱን ተሻግረው መጡ። በዚያ ሁሉ ዘመን የአጎቴን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። በሩ ላይ ቆመው የመኪናውን ጠረጴዛ በዓይናቸው ፈተሹ።

"ያቺ ጠርሙስህ ጠፋች" አሉ። "ምነው፣ የተሻለ አገኘህ እንዴ?"

"አንተ የኔን ጠርሙስ ምን አገባህ?"

"ባያገባኝም አያለሁ። ከማየው ሌላ ምን አለኝ ፊት ለፊቴ?"

አጎቴ ተቆጥተው፣ ባንተ መዘዝ ነው፣ ያንተን እንክብል ስውጥ ጠጠር ተሰፋብኝ ብለው ተናገሩ። የማዶው ሰፊ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግን መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡና እስኪያስላቸው ሳቁ። እንክብሉን ሐኪም ያዘዘላቸው ከሕመሙ በኋላ ሰውነታቸው ተጎድቶ ስለነበር፣ በትንሹ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ካለቀ ቆይቷል። ጠርሙሷ አሁን የቁልፍ ማስቀመጫ ነች፤ የሸሚዝ ቁልፍ።

"ታዲያ ምን አዳነህ?" አሉ አጎቴ። ሳይሞቱ ጠየቁ።

"ጠጠሩን አወጡልኝ። ከዚያ ውሃ እየጠጣሁ መሽናት ነው።"

"ስትነሳ አይቼህ አላውቅም።"

"እንዴት ታየኛለህ? ጨርቅ ልትቀድ ጎንበስ ስትል ጠብቄ ነው የምሮጠው። ወንበሬን ባዶ እንዳታይብኝ።" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "መጀመሪያስ ያመመኝ በምን ሆነና? አንተ አትነሳማ። ይኼ ሰው ከምን ቢሠራ ነው እያልኩ፣ በፊኛህ እየቀናሁ ኖርኩ።"

ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ማን ቀድሞ ይነሳል በሚል ብቻ ኩላሊታቸውን ሲገብሩ ኖረዋል። ሰው በሰው ልብስ፣ በሰው ቤት ይቀናል፤ በሰው ሽንት መያዝ መቀናቱን ግን ያየሁት እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው።

በዚህ መሀል አንዲት ሴት ቀሚስ ልታሳጥር ገባች። አጎቴ ለኩ፣ በሳሙና ምልክት አደረጉ፣ መስፋት ጀመሩ። ሽንት እንደያዘው ሰው ወንበራቸው ላይ ሲቁነጠነጡ አየሁ። ስፌቱ መሀል ላይ መኪናው ቆመ። ሴትየዋን አዩ፣ የማዶውን አዩ፣ እኔንም አዩ።

"ይጠብቁኝ፤ አሁን እመለሳለሁ" ብለው ወጡ።

ወንበሩ ባዶ ሆነ። እኛ ሦስታችንም አየነው። ሴትየዋ ወደ ማዶው ሰፊ ዞር ብላ፣ እርስዎም ልብስ ሰፊ አይደሉም ወይ፣ ቸኩያለሁ አለች። ሰውየው ጣቶቻቸውን ፈታታ አደረጉ። ቀሚሱ እጃቸው አጠገብ ነበር፤ የቀረው አንድ እጅ ስፌት ነው። አጎቴ ተመልሰው ያንን ቀሚስ በማዶው እጅ ቢያገኙት ከዚያ ወንበር ዳግመኛ እንደማይነሱ አውቅ ነበር።

"ነኝ፤ ግን እሱ የጀመረውን እኔ አልነካም" አሉ በመጨረሻ። ቃሉ በግድ እንደወጣ ያስታውቃል። "አይቆይም፤ ይጠብቁት።"

አጎቴ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ሴትየዋን ነበር። ተቀምጣለች። ምንም ሳይሉ ቀሚሱን ጨረሱና ከማንቆርቆሪያው ቀድተው ጠጡ።

ይህን ከጻፍኩላችሁ ዘንዳ ያተረፉትንም ልንገራችሁ። የአጎቴ ክሪያቲኒን መጨመሩን አቆመ፤ ቀስ እያለም ዝቅ ብሏል። ሽንታቸው ውስጥ ያ መስቀለኛ ስፌት አይታይም። ጎናቸውን ይዘው አያቃስቱም፤ ለሐኪምና ለመድኃኒት የሚያባክኑት የሥራ ቀን ቀርቷል። ደንበኛም አልጎደለባቸውም። ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩ፣ ሾፌሮች፣ አስተማሪዎች፣ ባለሱቆች፣ ውሃ ጠጡ፤ ሽንታችሁ ሲመጣ ተነሡ። ደማችሁንና ሽንታችሁን አስመርምሩ፤ የቁጥሩንም ትርጉም ጠይቁ። ለጎረቤት የታዘዘ እንክብል ለጎረቤት ነው።

ቅናቱ ግን የሚድን አይመስለኝም። በቀደም አጎቴ ሱቅ ሳለሁ የማዶው ሰፊ ስለ ጨው አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ወደ እኔ ሲመጡ አጎቴ መሀላችን ገቡ።

"እሷ የኛ ናት" አሏቸው። "አንተ የራስህን አስተምር።"

ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ወለሉን አየሁ። አጎቴ ጨርቅ ሊቀዱ ጎንበስ እስኪሉ ጠብቄ፣ መንገዱን ተሻግሬ ለጥያቄያቸው መልስ ሰጠኋቸው።