ፈረሰኛው የት ገባ?

ብልጥ ነኝ ብዬ ሦስት ዶሮ በአንድ ቀን ሠራሁና ብልቱን እየለየሁ በየፕላስቲክ ዕቃው ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩ። የቱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልጻፍኩበትም። በሳምንቱ የባሌ አባት ከጎጃም ሳይነግሩን ኮልፌ ከች አሉ። አንዱን ዕቃ አሙቄ ሳቀርብ ሦስት አንገት ተደርድሮ ወጣ። አባባ ትኩር ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ አንገት የምበላው ምን አጥፍቼ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ለአባወራ የሚቀርበው ፈረሰኛ ነዋ!

ሁለተኛውን አቀለጥኩ፤ ክንፍ። ሦስተኛውን፤ እንቁላል ብቻ። በረዶ የሆነ ወጥ እኮ ሁሉም ቀይ ድንጋይ ነው። ባሌ በባትሪ ያበራል፣ እኔ በቢላ እፈነቅላለሁ፣ አባባ እጃቸውን ታጥበው ይጠብቃሉ። የወሩ ወጥ በሙሉ ቀልጦ ፈረሰኛ የሚባል የለም። ያኔ ትዝ አለኝ፤ አንዱን ዕቃ አስኮ ላለችው እህቴ ሰጥቻታለሁ። ደወልኩላት።

«ለካ አንቺ ነሽ ጉድ የሠራሽኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ባሌ ሦስት ፈረሰኛ ለብቻው በልቶ፣ ይኸው ከትናንት ጀምሮ ጫማውን የማወልቅለት እኔ ሆኛለሁ!»