መርዶ በስልክ አይነገርም

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ትሕትና! ልጄ፣ አንቺ ነሽ?… ቆይ አንዴ፣ ጌሾ እየተወቀጠ ነው፣ አልሰማሽም… አልጣሽ፣ ሙቀጫውን ተይው። ተይው አልኩሽ እኮ፣ ልጅቷ ናት።

ጎረቤቷ አልጣሽ ሙቀጫውን አቆመች። የጫኔ ባለቤት የትምወርቅ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና ስልኩን ወደ ደኅናው ጆሮዋ አዛወረች፤ ድምፅዋንም የበዓል ቀን ድምፅ አደረገችው። ጫኔ ከሞተ ወዲህ ይህን ድምፅ የምታወጣው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ትሕትና ደብረ ብርሃን ላይ ወንድ ልጅ በተገላገለች በሳምንቱ ነበር አባቷ የጓሳን ሳር ምድር ሊያዩ ለመጡ ጎብኚዎች ማሲንቆ ተጫውቶ ሲመለስ ዝናብ የመታው። ታመመ፤ አልተነሣም። ለአራስ ደግሞ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይሸሻል። የንስሐ አባታቸው አባ መርስዔ ኃዘን ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ዘመድ ሁሉ አፉን እንዲዘጋ ገዘቱ፤ የትምወርቅም ክረምቱን ሙሉ የሞተ ባሏን በስልክ በሕይወት ስታኖር ከረመች። አንድ ቀን ተኝቷል ትላለች፣ አንድ ቀን ጓሳ ሄዷል፣ አንድ ቀን ስልኩ ውሃ ገብቶበታል። ስትሰናበትም «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» ማለት ልማድ ሆነባት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ ግን እያደር ከበደ።

እሑድ ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። እንግዲህ ግዝቱም አበቃ። ዛሬ አባ መርስዔ ኃዘን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደብረ ብርሃን ወርደው ያድሩና ጎህ ሲቀድ ሊያረዷት ነው። መኪናው እስኪመጣ ብቻ ነበር የሚጠብቁት።

— እኔማ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሕፃኑስ? ይጠባል?… እሰይ። እሰይ የኔ እናት።… ስንታየሁ ዕረፍት ወጣ? ኧረ ጥሩ ነው፣ ባልሽ ይረፍ እንጂ።… ሐዋሳ?… ጓደኞቹ ሐዋሳ እንሂድ አሉት፣ አንቺ ደግሞ… እዚህ? መንዝ? በዚህ ዝናብ?

ይህን ጮክ ብላ ያለችው ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ ነው። አባ መርስዔ ኃዘን አማተቡ።

— አይ፣ አትምጪ ማለቴ አይደለም፣ ቤትሽ አይደል እንዴ። ግን ምን የሚታይ ነገር አለ ብዬ ነው። ጉም ነው፣ ጭቃ ነው… ጓሳ? እሱስ አሁን ያምራል። ሳሩ ጉልበት ደርሷል፣ የጅብራ ተክሉም እንደ ዘበኛ ቆሟል።… አዎ፣ ጭላዳዎቹም ዝናቡ ሲያባራ ገደል አፋፍ ወጥተው ይሞቃሉ።… ቀይ ቀበሮ ማየት እንኳ እንደ ዕድል ነው።… ጓደኞቹ ሁሉ? ከነሚስቶቻቸው?… አገር እያለን ምን ሩቅ አስኬደን አልሻቸው። ልክ ነሽ። ሰው አጠገቡ ያለውን አያየውም።… መቼ ነው የምትመጡት?… ጾሙ እንደተፈታ… ቅዳሜ።

ቅዳሜ የጫኔ ተዝካር ነው። አልጣሽ ዘነዘናውን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። የትምወርቅ ግን አንዴ የያዘችውን የበዓል ድምፅ አልለቀቀችም።

— ጠላ? ጠላማ አለ፣ እየተጠነሰሰ ነው።… ለምን ማለት? ለዘመን መለወጫ ነዋ።… አዎ፣ ብዙ ነው። ጋኑ ሁሉ በወይራ ታጥኗል።… ዳቦም እንደፋለን።… በግማ መንዝ ቸግሮ ያውቃል? ሙክቱ አለ አይደል… አዎ፣ እሱው፣ አባትሽ የቀለበው።… እሱ ይታረዳል።

ጫኔ ያን ሙክት ከጎተራው ገብስ እየከፈለ የቀለበው ለልጅ ልጁ መምጫ ነበር። አንገቱ ላይ ቃጭል አስሮለት፣ ማታ ማታ «እንግዳችን መጣ ወይ?» እያለ ይጠይቀው ነበር። ቅዳሜ ግን ለተዝካር ይታረዳል፤ የትምወርቅ እንግዲህ ይህንንስ አልዋሸችም ማለት ነው።

በዚህ መሐል ከደጅ ልቅሶ ተነሣ። ጌታነሽ የምትባል የጫኔ የአክስት ልጅ ናት፣ መንገድ ተዘግቶባት ሳትደርስ የከረመች። የመንዝ ለቀስተኛ ደግሞ ቤት ገብቶ አይደለም የሚጀምረው፤ ገና ከአጥሩ ማዶ ነው የሟቹን ስም እያነሣ የሚመጣ። ለቀስተኛን ዝም በይ ማለት ነውር ነው፤ ያን ዕለት ግን አንዱ ሽማግሌ ሮጦ ወጥቶ አፏን በጋቢው ያዘ። ጌታነሽም ያን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳችለትም።

— ምኑ?… የቱ ጩኸት?… እሱማ ጎረቤት ናት። ላሟ ገደል ገብታባት ነው።… አዎ፣ የምትታለብ ላም ነበረች። አዬ፣ አሳዘነችን።… ሄሎ? ሄሎ?… ይቆራረጣል። ቆይ ወደ ጓሮ ልውጣ፣ እዚያ ኔትወርክ አለ።

በጓሮ በር ወጥታ ከክፈፉ ሥር ቆመች። ካፊያው ጎመኑ ላይ ይወርዳል። ከቤት ያለው ሰው እዚህ አይሰማትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋን ጣል አደረገችው።

— አሁን ትሰሚኛለሽ?… እሺ። ምግቡን ጨረስን፣ ሌላ ምን ቀረ?… ማሲንቆ።

ፈርታው የነበረው ይኸው መጣ። መልሱን አዘጋጅታለች፤ አባትሽን ብርድ መቶት ድምፁ ሰልሏል ልትላት ነው።

— አዎ፣ ከተማ ያለ ሰው የተቀዳ ዘፈን ነው የሚሰማ፣ የት ያገኘዋል እንዲህ እፊቱ ተቀምጦ… ማንን?… መልከ ጼዴቅን? የቀየቱን አዝማሪ መልከ ጼዴቅን ጥሪልን ነው የምትይኝ?… አይ፣ ይጫወታል፣ ጥሩ ይጫወታል። እንዲያው ገርሞኝ ነው።

መግረም ብቻ አልነበረም። ይቺ ልጅ በሠርጓ ቀን ከአባዬ በቀር ማንም የማሲንቆ ደጋን አይነካም ብላ፣ የሙሽሪት አባት ከዘመድ ተርታ ተነሥቶ ሲያዜም አምሽቷል፤ ያገሩ ሰውም ለወራት ሲስቅበት ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን ሆና ነው ሌላ ሰው የምታስጠራው? የትምወርቅ ይህን ስታስብ ሌላም ነገር ታወሳት። ትሕትና ስትደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው «አባዬስ?» ብላ ነበር። ዛሬ ስለ ጓሳ ጠየቀች፣ ስለ ጠላ ጠየቀች፣ ስለ ሙክቱ ጠየቀች። አባቷን አልጠየቀችም።

— ትሕትና… አለሽ?… አይ ምንም። ምንም አይደለም።… የሕፃኑ ስም? እሱንማ አባትሽ ገና እያሰበበት ነው። ስም ማውጣት ችኮላ አይወድም እያለ… አወጣችሁለት? እናንተው? አያቱን ሳትጠብቁ?… ማን አላችሁት?

ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ።

— ማን?… ድገሚልኝ።… ምትኩ።

ምትኩ። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ስም ሰው ባልሞተበት ቤት ለሚወለድ ልጅ አይወጣም። የትምወርቅ ወፍጮው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ድንጋዩ እርጥብ መሆኑን እንኳ አላየችም።

— ማን ነገረሽ?… ከስልክ ላይ?… እነዚያ ጓሳ የመጡት ጎብኚዎች የቀረጹት፣ ሲጫወት… ከሥሩ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ጻፈበት። አዬ። አዬ ልጄን።… መቼ ነው ያየሽው?… ያኔ? ገና በአራስነትሽ?… ስንታየሁ ማወቅሽን ያውቃል?… እንዳትቀየሚው፣ እሱን እኛ ነን አትናገር ያልነው።… ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ እየደወልሽ አባዬስ፣ አባዬስ ስትይኝ የነበረው?… ለእኔ ብለሽ።… እኔ እንዳልደነግጥ ብለሽ። ዛሬ ግን አቃተሽ።

እናት ልጇን ስትጠብቅ፣ ልጅ እናቷን ስትጠብቅ፣ ሁለቱ ሴቶች አንድ ሰው ክረምቱን ሙሉ ከመቃብር ሲያስነሡትና ሲያስተኙት ከርመዋል። የትምወርቅን ይህ አይደለም የቆረጣት።

— የት አለቀስሽ?… መታጠቢያ ቤት? ውሃውን ከፍተሽ?… ስንታየሁ እንዳይሰማሽ። እህ።… ማን ያዘሽ ልጄ? ማን ነው ክንድሽን ይዞ ያስለቀሰሽ?… ማንም።

እዚህ አገር አባቱ የሞተበት ሰው ብቻውን አያለቅስም። አንዱ ክንዱን ይይዛል፣ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ የሟቹን ሙያ ያወጣል፤ ሐዘንተኛው ልውደቅ ቢል እንኳ መውደቂያ የለውም። ልጇ ግን የጫኔን ሞት ቧንቧ ከፍታ፣ ፎጣ ነክሳ ነው የተረዳችው። የትምወርቅ ባሏ ሲሞት እንኳ እንዲህ አልመረራትም።

— አታልቅሺ… አይ፣ አልቅሺ። አልቅሺ እናቴ፣ እዚህ ነኝ።… አዎ፣ ቅዳሜ ነው። አስልተሽ ነዋ።… እንግዶቹስ ታዲያ?… የሉም?… ሐዋሳ የሚባልም ነገር የለም።… ከአባትሽ ጋር በግንቦት የተማከራችሁት ነው? ጓሳ ወጥታችሁ፣ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ፣ እሱ እየተጫወተ… አባትሽ እንዳለ ሁሉ፣ እንደታሰበው አንድ ጊዜ እንኳ ላውራው ብለሽ። እሺ። አውሪው። ሙክቱንም፣ ጠላውንም እሱ እንዳለው ነው ያዘጋጀሁት።… ማሲንቆው? ግድግዳው ላይ ነው፣ ጭራው ላልቷል። ማንም አልነካውም።

ከቤት «መኪናው መጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የትምወርቅ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተነሣች።

— ስሚኝ፣ አባ መርስዔ ኃዘን እዚህ ናቸው። ዛሬ ወርደው ነገ ጎህ ሲቀድ ሊያረዱሽ ነበር። ሰምታለች ብዬ ላስቀራቸው?… ምን አልሽ?… ይምጡ?… እንዳልሰማሽ ሆነሽ ልትሰሚ?

ነገሩ ገባት። ልጅቷ ሰው ይዟት፣ ድምፅዋን አውጥታ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ማልቀስ ናት የፈለገችው። ይህ ደግሞ የማንም ሐዘንተኛ መብት ነው፤ ቀድሞ ሰምቷል ተብሎ የሚቀማ ሰው አይኖርም።

— እሺ።… እሺ ልጄ፣ ይመጣሉ። ዛሬ ሕፃኑን አጥብተሽ በጊዜ ተኚ። ጥቁር ልብስ አውጥተሽ እንዳታስቀምጪ፣ ያዩብሻል።… ሲነግሩሽ ጩኺ። እንደልብሽ ጩኺ። አባ አርጅተዋል እንጂ ክንዳቸው ብርቱ ነው፣ ይይዙሻል።… ቆይ አትዝጊ፣ ልግባ።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች በጓሮ በር ተመለሰች። ጌታነሽ ጥግ ላይ ተኮራምታ አኩርፋለች። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ሁሉም ፊቷን ያያሉ።

— አይ፣ ዝናቡ ነው አባ፣ ዝናቡ ነው ያራሰኝ።… ኧረ ምን ሰምታ። ስለ ጓሳና ስለ ማሲንቆ ነው ስታወራኝ የቆየችው፣ ምስኪን። ቅዳሜ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ እያለች ነው።… ይነሡ፣ መኪናው እንዳያመልጥዎት። አደራ፣ ሲነግሯት ደኅና አድርገው ይያዙልኝ። አባቷን ትወድ ነበር።

አባ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን አሳለሟትና ጎንበስ ብለው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው። የትምወርቅ መኪናው እስኪነሣ ደጃፉ ላይ ቆየች።

— ሄሎ… ሰማሽ?… ተነሡ፣ ወጥተዋል።… በይ እንግዲህ ደኅና እደሪልኝ። ምትኩን ሳሚልኝ።

የሚቀጥለው ቃል ከልማድ ነው ወይስ ከሌላ፣ እሷም አላወቀችውም።

— አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

ስልኩን ዘጋች። አልጣሽም ጌሾዋን መውቀጥ ጀመረች።