ማይኩን ዘግቼ ነበር

ልጄ ስትተኛ በስልኬ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር የእርሻ ጨዋታ እጫወት ነበር። አንድ ቀን ማይኩን ዘግቼ፣ ስልኩን አልጋው ላይ ጣል አድርጌ፣ እንደ ልማዴ ድምፄን አውጥቼ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ሙዝ ጭኖ የሄደውን ባሌን በሰላም መልስልኝ፤ እስከ ቅዳሜ እኔና ልጄ ብቻችንን ነን» ስል፣ ከስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። ክው አልኩ። «ማነህ?» አልኩት። «አብሬሽ የምጫወተው ነኝ። ሴቻ የት ጋ ነሽ፣ እህቴ?» አለኝ። ሰፈሬ ሴቻ መሆኑን በዚያ ቀን አፌ አላወጣውም።

ስልኩን አጥፍቼ ልጄን አቀፍኩ። ትንሽ ስረጋጋ ለጨዋታው ሠሪዎች ጻፍኩ፤ «በሚቀጥለው ማሻሻያ ይስተካከላል» አሉኝ። ተጫዋቾች የሚያወሩበት ገጽ ላይ ብጠይቅ አንዷ «ዛሬ ሰማሽ እንዴ? ማይኩ አልዘጋ ካለ ወር አለፈው እኮ! የጨዋታውን ወርቅ በነፃ የሚሰጠንን ስህተት ግን ሳንጠግበው በዚያው ቀን ዘጉብን» ብላ የሳቅ ምልክት ላከችልኝ። እኔ ግን ወር ሙሉ የጸለይኩትን ማስታወስ ጀመርኩ። ሰፈራችንን፣ የልጄን ስም፣ አልዘጋ ያለውን የጓሮ በር ሳይቀር ለጌታ ነግሬዋለሁ። ጨዋታውን አጠፋሁና ልጄን አዝዬ አናጢ ፍለጋ ወጣሁ።