በባለቤቴ ጎን ላይ ያረፈው እጅ

ባለቤቴ አስም አለባት። ሐኪሟ ከመድኃኒቷ ጋር ደረቷን በእጁ የሚያፍታታላት ፊዚዮቴራፒስት አዘዘላትና፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤታችን ድረስ አንድ መልከ መልካም ወጣት መጣ። እጆቹን የጎድን አጥንቷ ላይ አሳርፎ «ቀስ ብለው አየር ይሳቡ፤ አሁን ይልቀቁት» ሲላት፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ስትታዘዘው ቅናት አንገበገበኝ።

«ይሄንንማ እኔም አደርገዋለሁ» አልኩት። ቅር ሳይለው እጄን ይዞ ቦታውን አሳየኝ።

በማግስቱ እንዳሳየኝ አድርጌ «ተሻለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ደህና ነው። የሱ እጅ ግን ይለያል። መቼ ነው የሚመለሰው?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ቢሆንም እሱ የመጣ ዕለት ሌሊቱን ደረቷ ሳያፏጭ ስትተኛ አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ። ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት።

«ነገ ና» አልኩት፤ «ግን እኔ ከሥራ ቤት ከገባሁ በኋላ ይሁን።»