ጣርማ በር ላይ የሞቀ እጅ

ጠጋ በሉኝ ልጆቼ፣ ይህን ጮክ ብዬ ማውራት አልችልም። ሰኔ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ዝናብ አጥታ በሐሩር ትነድዳለች። ባለቤቴ ደምሴ ልቡን ደክሞት ተዝለፈለፈና የጎረቤታችን ልጅ ሙሉጌታ በመኪናው ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ይዞን ወጣ። እኔ ከኋላ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እጁን ይዣለሁ። ከፊታችን ካለው የመኪናው ቀዳዳ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፣ የደምሴም እጅ በረዶ ነው። «ሙሉዬ፣ አጥፋው እባክህ» ብለው፣ «እትዬ፣ በዚህ ሐሩር ካጠፋሁትማ ይታፈናሉ» አለኝ። ነጠላዬን ደረብሁለት።

ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር ብርዱና ጉሙ ውስጥ ስንገባ፣ እጁ ሞቀ! መዳፉም፣ ጣቶቹም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «ሙሉዬ፣ ተመለሰልኝ! ሞቀ እኮ!» ሙሉጌታ በመስታወቱ አየኝ። «እትዬ... መኪናው ነው። የምንፈልገውን የሙቀት መጠን አንዴ አስተካክዬለታለሁ። ደጁ ሲሞቅ ያቀዘቅዛል፣ ደጁ ሲበርድ ደግሞ ማንም ሳይነካው ያሞቃል።» እጄን ቀዳዳው ላይ ዘረጋሁ። ልክ እንደ ደምሴ መዳፍ ይሞቃል። ያን ጊዜ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ጣልሁ። ምንም የለም፣ ልጆቼ፣ ምንም።

ሐኪሙም ከዚህ የተለየ ነገር አልነገረንም። ይዘነው ስንወርድ ቆላው ሲቀርብ መኪናው እንደገና ቀዘቀዘ፣ እጁም አብሮ። ደምሴን ቀወት፣ አባቱ አጠገብ ቀበርነው። ሙሉጌታ መኪናውን ሸጦ አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ ሲያገኘኝ አንገቱን ይደፋል። እኔም ይኸው አለሁ፤ ሰው ሲጨብጠኝ የእጁን ሙቀት አላምነውም።