ከመደርደሪያ የጠፋ የአፍንጫ መድኃኒት

«አየሩ እንዴት ይዞሻል ልጄ? እኛ ጋ ራዋልፒንዲ ትናንት ትንሽ አካፍቶ ነበር… እዚህ ኢስላማባድ ግን መኪናው ሁሉ የዛፍ አበባ ቢጫ ዱቄት ለብሷል። መጋቢት ሲገባ እኮ ይሄ ከተማ ወፍጮ ቤት ነው የሚመስለው!»

ሪፍዓት ሻይዋን እያማሰለች ይህን ስትል ዓይኗን ከእህቷ ልጅ ከሱምበል ላይ አላነሳችም። ሱምበል ከሆስፒታል ከወጣች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋለች። ባሏ ታይሙር በሩ አጠገብ ቆሟል። አማቷ ደግሞ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ ስር ተቀምጣለች።

ሪፍዓት በመንገዷ ሁሉ ስታሰላስል የመጣችው ሌላ ነገር ነበር። ሱምበልን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ «ልጄን ልትገድያት ነበር!» ብላ አማቲቱ ላይ ልትጮህ ነበር አመጣጧ። ደጁን ስታልፍ ግን አንድ ነገር ታሰባት። እሷ ጮኻ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ሱምበል ግን እዚሁ ትቀራለች። ስለዚህ ምላሷን ማር ቀባችው።

«ኦክስጅን አስገቡልሽ አሉኝ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ሆኖ፣ ያንቺ ትንፋሽ ሲያጥር የኔ ዓይን አበጠ… ተይው፣ አልፏል፤ አልሐምዱሊላህ። ሌላ ወሬ እናውራ። እኛ ሰፈር ስላሉ አንዲት እመቤት ልንገርሽ? ደግ ናቸው! እንዲህ ያለ ደግነት በዕድሜዬ አላየሁም።»

አማቲቱ ከሻዩ ጎን ከቀረበው ሳምቡሳ አንድ አነሳች።

«ምራታቸው እንዳንቺው አለርጂ አለባት። ዛፉ ሲያብብ አፍንጫዋ ይዘጋል፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ሐኪሙ ለአፍንጫዋ የሚረጭ ስፕሬይ አዘዘላት። ‹አበባው ሳይፈነዳ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ጀምሪ፤ በየቀኑ፣ ሳታቋርጪ› አላት። እሷም መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ በየጠዋቱ ትጠቀማለች። እመቤቲቱ አንድ ቀን ወረቀቱን አነበቡት… ማንበብ ይችላሉ፣ ማሻአላህ! ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ግን አንዲት ቃል ብቻ ወደዱ፤ ‹ስቴሮይድ›። ‹ጡንቻ የሚያሳብጡ ሰዎች የሚወስዱት አይደል? ጢም ታበቅላለች! ትመክናለች!› አሉ። ምን ይፈረድባቸዋል? ሐኪሙ የተማረው ሰባት ዓመት ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን ስልካቸው ላይ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቪዲዮ አይተዋል!»

ሱምበል ብርድ ልብሱን ወደ አፏ ሳበች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ለራሷም አልለየላትም። የሷ ጠርሙስ ከመደርደሪያው የጠፋው ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ነው። ማን እንዳነሳው ታውቃለች፤ ለአክስቷ በስልክ ነግራታለች፤ ለባሏ ግን «የት እንዳደረግኩት እንጃ» ነበር ያለችው። ታይሙር ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እና ለምራታቸው ጤና ሲሉ… ቆሻሻ ውስጥ ጨመሩላት። ሌላ ልግዛ ብትል ‹እኔ ቤት አይገባም› አሏት። ከፍቅር እኮ ነው! ልጅቷ አንድ ቀን ጠዋት ከንፈሯ ጠቁሮ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተገኘች። እሳቸው ግን ፊታቸው እንኳ አልተለወጠም፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ልብ ስንት ሰው አለው?»

አማቲቱ አስነጠሳት።

«ይማርሽ፣ እህቴ!» አለች ሪፍዓት ፈጥና።

ደግማ አስነጠሳት።

«አሁንም ይማርሽ! አላህ መሐሪ ነው፤ ስንቱን ይምራል መሰለሽ… ምን እያልኩሽ ነበር ሱምበል? አዎ፣ ተአምሩን። እኚያ እመቤት ራሳቸው መጋቢት በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ሲያነፍጥ አንድም ቀን አያስነጥሳቸውም። ‹ጸሎቴ ነው› ይሉናል። አምና ሠርግ ቤት ስልካቸውን ሊያወጡ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ ጸሎታቸው ዱብ ብላ ጫማዬ ላይ አረፈች… ነጭ ጠርሙስ፣ ሰማያዊ ክዳን! ምራታቸው የምትጠቀመው፣ ያው ራሱ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል አይደል? ሐሰት ነው። እሳቸው የብብታቸውን አጥብቀው ይዘው የቆጡን ነው የጣሉት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምም ይላሉ፤ እሳቸው በሽታውንም መድኃኒቱንም ደብቀው ይኸው ጤነኛ ናቸው። ጢምም አላበቀሉ… እንጃ፣ እኔ አላየሁም።»

አማቲቱ ሦስተኛ አስነጠሳት፤ አራተኛም። ቤቱ በጠያቂ ከተሞላ ሁለት ቀኑ ነው፤ ለብቻዋ የሆነችበት ጊዜ የለም። ዓይኗ አነባ። እጇ የቦርሳዋ መዝጊያ ላይ ደርሶ እንደ ተቃጠለ ሰው ተመለሰ። ታይሙር ቦርሳውን አየ፤ ከዚያ የእናቱን ፊት አየ፤ ከዚያ ወለሉን።

ሪፍዓት ከሻንጣዋ አዲስ ጠርሙስ አወጣች።

«ይሄ ያንቺ ነው ልጄ። ራስሽን ትንሽ ጎንበስ አድርጊ፤ ጫፉን ወደ መሃል ሳይሆን ወደ ውጭ፣ ወደ ዓይንሽ ጥግ አዙሪው፤ አለዚያ ያደማል። ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ተንፍሺ እንጂ አትማጊው። ዛሬ አልሠራም ብለሽም እንዳትተዪው፤ ቀናት ይፈልጋል… እንደ አንዳንድ ሰው ሕሊና ነው፤ ቶሎ አይነቃም።»

ሱምበል እጇን ሳትዘረጋ ታይሙር መጣና ጠርሙሱን ተቀበለ። ክዳኑን ከፍቶ ሚስቱ መዳፍ ላይ አኖረላት፤ ከዚያ በእናቱና በአልጋው መካከል ጀርባውን ለእናቱ ሰጥቶ ቆመ። ሱምበል በአንዱ አፍንጫዋ ረጨች፣ በሌላውም። ሪፍዓት ይዛው የመጣችው ጩኸት ያን ጊዜ ወረደላት።

ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች፣ የልጅቷን ግንባር ሳመች። ወደ መስኮቱም ሄዳ አማቲቱን አገላብጣ ሳመቻት፤ እጇንም ይዛ አልለቀቀችም።

«ወሬ አበዛሁ፣ ይቅር በሉኝ። ለእኚያ እመቤት ግን ሁልጊዜ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ። በሚቀጥለው ወር አንድ ያለቻቸውን ሴት ልጅ ይድራሉ አሉ…»

በጎን ባለው ክፍል የአማቲቱ ልጅ ቀይ የሙሽራ ልብሷን እየለካች ስትስቅ ይሰማል።

«…አላህ ትዳሯን ያሙቅላት። በገባችበት ቤት የምትሳሳላት፣ ጤናዋን የምትጠብቅላት፣ ልክ እንደ እናቷ ያለች፣ ምንም ያልተጨመረባት ምንም ያልተቀነሰባት አማት ይስጣት… አሚን በዪ እንጂ፣ እህቴ!»