ምልክት የሌለው ተወዳዳሪ

በምርጫው ሰሞን እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ሰውዬ የጎረቤቴን የእትዬ ዘነቡን በር አንኳኳ። እትዬ ዜግነት ካገኙ ገና የመጀመሪያ ምርጫቸው ስለሆነ፣ እንዳስተረጉምላቸው እኔን ጠሩኝ። ሰውዬው ስለ ግብር፣ ስለ መንገድ ብዙ አወራ። እትዬ እስኪጨርስ ሰሙትና፣ «ሁሉም ደህና፤ ምልክትህ ምንድን ነው?» አሉት። ግራ ገባው። እኛ አገር የምርጫ ወረቀት ላይ ከስም ጎን ዛፍ ወይ ፋኖስ እንደሚሣል ነገርኩት። ሳቀና፣ «የለኝም፤ እሳቸው ያውጡልኝ» አለ። እትዬ ዘነቡ አላመነቱም። «አግዳሚ ወንበር! ፓርኩ ውስጥ ዎክ ሳደርግ ጉልበቴን የማሳርፍበት የለም።» ሰውዬውም ማስታወሻው ላይ ወንበር ሥሎ አሳያቸው።

የምርጫው ወረቀት በፖስታ ሲመጣ መነጽራቸውን አድርገው ወንበሩን ፈለጉ። ስሙን ሳሳያቸው አላስቻላቸውም፤ አጠገቡ በስክሪብቶ ወንበር ሊሥሉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። «እትዬ፣ ወረቀቱ ይበላሻል!» እያጉረመረሙ ስሙ ጎን ያለውን ክብ ብቻ አጠቆሩ።

ሰውዬው አሸነፈ። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል እትዬን ፓርኩ ውስጥ ዛፍ ተደግፈው አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ትናንት የምክር ቤቱን ስብሰባ በስልኬ አየሁ» አልኳቸው ደስ ብሎኝ። «የመረጡት ሰውዬ እኮ ወንበሩን ይዟል!»

«እሱማ ያዘ» አሉኝ ጉልበታቸውን እያሹ። «የቆምኩት እኔ ነኝ።»